ከበሮ መቺው ከአባቱ ጋር ታረቀ ወይ?

ዘፈን የሚሉት ነገር ሰነፉን ከሥራ፣ ጎበዙን ከልቡ የሚያፈናቅል በሽታ ነው! አትቆጡ... ይህን የምላችሁ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሊጥ የዘራሁ፣ ማንበብን ከትራክተር መመሪያ የተማርኩ፣ ልጆቼን “ቁም ነገር ያዙ” እያልኩ ያደነቆርኩ ሰው ነኝ። ግን መዋሸት አልወድምና ዘንድሮ መተማ እርሻዬ ላይ የደረሰብኝን ሳልደብቅ ላውጋችሁ።

የመጨረሻ ልጄ ሰብለ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እየጠበቀች ነው። “ቤት ተቀምጠሽ ስልክ ከምትነካኪ፣ ነይና የሠራተኞቹን ምሳ ተቆጣጠሪ” ብዬ ወደ እርሻው ወሰድኳት። መጣች። ስልኳም መጣ። ጡብ የምታህል ድምፅ ማጉያም አብራ መጣች። ከማጉያዋ ውስጥ ደግሞ አራት ጃፓኖች መጡ!

“ምንድን ነው ይኼ?”

“ፓንክ ሮክ ነው አባዬ። ትንሽ ፖፕም አለበት።”

“ሰዎቹን ምን ነካቸው?”

“እየዘፈኑ ነው።”

“እኔ የተጣሉ መስሎኝ! ማን ይባላሉ?”

“ስማቸው በአማርኛ ‘የተቀደደ ጃንጥላ’ ማለት ነው።”

እስቲ ፍረዱኝ! ዝናብ ለማያስጥል ነገር ስም ምን ያደርግለታል?

ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱት ጎረምሶች ግን ወደዱት። ምሳ ሲበሉ ሰብለ ከስልኳ ያነበበችውን የቡድኑን ታሪክ ትነግራቸዋለች። እኔም የትራክተር ዘይት የምለካ መስዬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እሰማለሁ። አራቱ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። የመጀመሪያ ዝግጅታቸውን ያየው ሰው ሰባት ነበር፤ ከሰባቱ አንዷ የጊታር ተጫዋቹ እናት፣ አንዱ የአዳራሹ ዘበኛ። በአንድ አሮጌ መኪና ከከተማ ከተማ ሲንከራተቱ ከርመው አንድ ዘፈናቸው አገር ምድሩን አዳረሰ። አዳራሹ ሞላ። አዳራሹ ሲሞላ ተጣሉ። (ይህን ለማወቅ ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በሽርክና ትራክተር የገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።) ከበሮ መቺው ደግሞ ሩዝ ገበሬ አባት አለው፤ ገና ሲጀምር “ወይ ከበሮው፣ ወይ ቤቴ!” ብሎ ያባረረው። ቡድኑ ሲበተን ልጁ መግቢያ አጣና የአባቱ ማሳ ዳር መጥቶ ቆመ...

ታሪኩ እዚህ ላይ እንደደረሰ ምሳው አለቀ፤ የእኔም መከራ ጀመረ።

የደረሰ ሰሊጥ ቁጡ ነው። ፍሬው ያለበት ቅርፊት አፉን ሊከፍት ሰበብ ነው የሚፈልገው። በቀስታ ታጭዶ፣ በቀስታ ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ እንዲደርቅ ሂላ ተደርጎ ይቆማል። ካንገላቱት መሬት ላይ ይዘረግፋል፤ ቀን ካሳለፉበትም እንዲሁ። ይህን እያወቀች ልጄ ማጉያዋን ትራክተሩ ላይ ሰቅላ ዘፈኑን ለቀቀችው! ማጭዱ ሁሉ ከጃፓን ከበሮ ጋር እኩል መውረድ ጀመረ። አንዱማ ነዶ ታቅፎ ይዘላል! ጎንበስ ብዬ መሬቱን ባየው ሰሊጤ እንደ በረዶ ፈሷል። የዚያን ቀን የመተማ ወፎች ጃፓንን ሳይመርቁ አልቀሩም።

“ዝጊው! ዘፈኑንም፣ ታሪኩንም! ከእንግዲህ እዚህ እርሻ ላይ የጃፓን ስም እንዳይነሳ!” አልኩ። (ይህን ያልኩት የጃፓን ስሪት ፒካፔን ተደግፌ እንደነበር በኋላ ያስታወሰችኝ ሰብለ ናት።)

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ ጎረምሶቹ ጓዛቸውን ጠቅልለዋል። ገና ግማሹ ሰሊጥ አልታጨደም! ካቦው አያሌው፣ የጎጃሙ ልጅ፣ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጥሏል።

“ወዴት ነው?”

“ኮኪት አካባቢ ሰው ይፈልጋሉ አሉን፣ ጋሼ።”

“ምን ጎደለባችሁ? ምግቡ ነው?”

“ምግቡስ ደኅና ነው።”

“ውሃው?”

“እሱም ደኅና ነው።”

“ታዲያ?”

አያሌው መሬቱን በእግሩ ጫረ። “ጋሼ... ከበሮ መቺው ከአባቱ ጋር ታረቀ ወይስ አልታረቀም?”

“ለዚህ ብላችሁ ሰሊጤን ሜዳ ላይ ልትጥሉት!”

“ልጅቱን ብንጠይቃት ‘አባዬ ከልክለውኛል’ አለችን። ወሬ የሚሰስት ሰው ዘንድ እንዴት ይከረማል?”

ከኋላ አንድ የወሎ ልጅ ሳቀ። “ጋሼ፣ እሱ ራሱ ከአባቱ ተኳርፎ እኮ ነው የወረደው! ሦስት ዓመት ሙሉ አልደወለም።”

“አንተ ዝም በል!” አለው አያሌው። ፊቱ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

ስለ ትዕግሥት የምሰብከው ረዥም ምክር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም ሌሊቱን “አስገባው ይሆን?” እያልኩ ስገላበጥ ነው ያደርኩት።

“ሰብለ! ነይ ንገሪያቸው።”

“ከልክለውኛል እኮ።”

“ንገሪ አልኩሽ! ...ቶሎ በይ።”

ሰብለም ነገረችን። አባትየው ማጭድ ብቻ አቀበለው። ሁለት መኸር አብረው ሩዝ አጨዱ። ጓደኞቹ ታርቀው ሊወስዱት ሲመጡ ልጁ “አባቴን ትቼ አልሄድም” አለ። ያን ጊዜ አባትየው፦ “ሂድ ባክህ፤ አንተ እንደሆን አጨዳ አትችልም!” አለው። ቡድኑ እንደገና መድረክ ላይ በወጣ ቀን ሽማግሌው ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ፣ እስከ መጨረሻው ቆየ።

ጎረምሶቹ ወደ እኔ ዞሩ።

“ጥጡ ልክ ነው” አልኩ። ድምፄ ትንሽ ሰለለ... አቧራ ነው።

አያሌው ብርድ ልብሱን አስቀመጠ። ስልኩን ይዞ ከትራክተሩ ኋላ ሄደ። “አባባ... እኔ ነኝ” ሲል ሰማነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እኛም ላለመስማት ማጭድ መሳል ጀመርን። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

“ምን አሉህ?”

“‘የሰው ሰሊጥ ሜዳ ላይ ጥለህ እንዳትመጣ፤ ጨርሰህ ና’ አሉኝ።”

ይኼ ነው አባት!

የቀረው ሰሊጥ ሳይረግፍ ታጨደ፤ በጸጥታ፣ በቀስታ። ሂላው ደርቆ፣ ነዶው ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ የሚራገፍበት ቀን ሲደርስ ግን... ማራገፍ ደግሞ በኃይል፣ በፍጥነት መምታት ነው የሚፈልገው። አያሌው አየኝ። ሰብለ አየችኝ። “ክፈቺው” አልኩ። የተቀደደ ጃንጥላ ለካ ለዚህ ሥራ ነበር የተፈጠረው! ዱላውና ከበሮው አንድ ሆኑ፤ ሰሊጡ እንደ ዶፍ ወረደ። እኔም ለክብሬ ስል ከጎረቤት ማሳ ጥጥ ለቅሜ ጆሮዬን ወትፌ፣ ሸራው ዳር በርጩማዬ ላይ ኮስተር ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰብለ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

“አባዬ፣ ጥጥ ከወተፉ እግርዎ ለምን ከበሮውን ይከተላል?”

“አልሰማሁሽም!” አልኳት።