አያ ዳኛውና ያልተመዘገበችው ተመራማሪ

ጎንደር ውስጥ ሰው ሳይመዘገብ ሊወለድ ይችል ይሆናል፤ አያ ዳኛው ባሉበት ሰፈር ግን ሳይመዘገብ መኖር አይችልም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ብብቱ ሥር መዝገብ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ሌላው ሰው “እንዴት አደርክ?” ብሎ ያልፋል። አያ ዳኛው ግን መንገድ ዘግተው ይቆሙና “ለመሆኑ ተመዝግበሃል?” ይላሉ። በምን እንደሆነ አይናገሩም። የተጠየቀው ሰው በአንድ ነገር አለመመዝገቡ አይቀርምና ይደነግጣል።

ክቡር ጸሐፊ አያ ዳኛው የኮላ ድባ ተወላጅ፣ አርባ ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ የጽዋው ማኅበር ጸሐፊ፣ የጡረተኞቹም ማኅበር ጸሐፊ ናቸው። ሊቀመንበር ይሁኑ ሲባሉ አይቀበሉም። “ሊቀመንበር ይሻራል። ጽሑፉ ነው የሚቀረው” ይላሉ። ጽሑፋቸው ደግሞ የድሮ ትምህርት ቤት ጽሑፍ ነው፤ ፊደሉ ተለቅሞ የተደረደረ የሚመስል፣ ስርዝ ድልዝ የማያውቅ።

አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ሲመለሱ የተሳፈሩባት ማኪና ጠዳ ላይ ተበላሸች። መካኒኩ ከአዘዞ እስኪደርስ ተሳፋሪው ሊቀመንበርና የሴቶች ተወካይ መርጦ ቃለ ጉባኤ ላይ ፈርሞ ነበር። ማኪናዋ ከተሸጠች ስንት ዘመኗ፤ ማኅበሩ ግን አሁንም በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል። አምና ሹፌሩን በአባልነት ተቀብሏል አሉ።

በደንባቸው ቀልድ የለም። አወቀ የሚባለው ጎረቤታቸው አባቱ የሞቱ ዕለት ጠዋት እድር ሊመዘገብ ሲመጣ፣ አንቀጹን አውጥተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡለት፤ ሬሳ እቤት ካለ በኋላ የሚመጣ ምዝገባ አይጸናም። የእድሩ ድንኳንም ከመጋዘን አልወጣም። ሰፈሩ አማቸው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል ግን አያ ዳኛው የራሳቸውን የእህል ሸራ አምጥተው፣ አንዱን ጫፍ ከአጥር አስረው፣ ሌላውን ጫፍ በእጃቸው ይዘው ለቀስተኛው ራስ ላይ ሲቆሙ ታዩ። ሦስት ቀን ቆሙ። “ሸራው የእድሩ አይደለም። ደንቡ አልተነካም” አሉ።

ይህን ሁሉ ዓይናዲስ ታውቃለች። ጎረቤታቸው ሆና አድጋለች፣ አምስተኛ ክፍልም አስተምረዋታል። ዛሬ ኖርዌይ አገር በአንድ ዩኒቨርሲቲ በጊዜያዊ ውል የተቀጠረች የአፈር ተመራማሪ ናት። ባለፈው መስከረም ለእረፍት መጥታ ልትሰናበታቸው ብትገባ፣ አያ ዳኛው ጥያቄያቸውን ጠየቋት።

“ለመሆኑ በዚያ አገር የመምህራንና የተመራማሪዎች የሠራተኛ ማኅበር አለ?”

“አለ፣ አያ ዳኛው።”

“ተመዝግበሻል?”

“እኔ እኮ መጤ ነኝ። ውሌም የሦስት ዓመት ነው። ማኅበሩ ለአገሩ ሰው ነው የሚሆነው።”

“ምነው? መጤ ሰው አይባረርም?”

በማግስቱ ፒያሳ ካለ ጽሕፈት ቤት የማኅበሩን ቅጽ አሳትመው፣ በሦስት ቅጂ ይዘው መጡ። እሷ በኮምፒዩተር እሞላዋለሁ ብትላቸው፣ በወረቀት ያልሆነ ማመልከቻ ማመልከቻ አይደለም አሉ። የምትሳፈርበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ለመገላገል ብላ ሦስቱም ላይ ፈረመችና ሄደች። ወረቀቱ የትም እንደማይደርስ ቆጥራ፣ በዚህ ዘመን በፖስታ ቤት የሚመዘገብ ሰው መኖሩን እየሳቀች ለጓደኞቿ አወራች። ከዚያ በጥቅምት ደውለው “ተመዝግበሻል?” ሲሏት፣ ስብሰባ ልትገባ ስትጣደፍ “አዎ፣ ካርዱም ደርሶኛል” አለቻቸው። በኮምፒዩተር የጀመረችውን ቅጽ አልጨረሰችውም ነበር።

በግንቦት፣ ለመስክ ሥራ ጎንደር ከመጣች በሦስተኛው ወር፣ ደብዳቤው በኢሜይል መጣ። ያን ዕለት ከኮላ ድባ በታች፣ ጣና ዳር ካለው ረግረግ አፈር ስትቆፍር ውላ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ነው ያነበበችው። ከኖርዌይ ውጭ የቆየችባቸው ወራት ከሥራ እንደ መቅረት ስለሚቆጠሩ ውሏ በወሩ መጨረሻ ይቋረጣል። በዐሥር ቀን ውስጥ በሕግ የተደገፈ ተቃውሞ ካላቀረበች እንደተስማማች ይቆጠራል። መስክ እንድትወጣ የፈረመላት አለቃ ራሱ ነው ደብዳቤውንም የፈረመው። የመኖሪያ ፈቃዷ በውሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የሁለት ዓመት የአፈር ናሙናዋ እዚያው ኖርዌይ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው ያለው።

ሁለት ጊዜ ጻፈች። ሁለት ጊዜም “ውሳኔው ግልጽ ነው” የሚል አንድ መስመር መለሱላት። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት እዚያው ኖርዌይ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለምታስተምር፣ ሕይወት ለምትባል የአይከል ከተማ ልጅ ደወለች።

“ማኅበሩ ጠበቃ ያቆምልሻል፤ በእኔ ጊዜ አቁመውልኛል” አለች ሕይወት። “ዋናው ነገር ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት አባል መሆንሽ ነው። ከችግሩ በኋላ የገባን ሰው በዚያ ጉዳይ አይረዱም። አባል ነሽ አይደል?”

ዓይናዲስ “መልሼ እደውላለሁ” ብላ ስልኩን ዘጋች። አንቀጹን ታውቀዋለች። አወቀ ደጅ ላይ ቆሞ ሲነበብለት ሰምታዋለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግሯ አያ ዳኛው ቤት አደረሳት። ለምን እንደሄደች ራሷም አታውቅም። ጠዋት የመለሳት ደንብ እዚህም እንደሚመልሳት አልጠፋትም። የኖርዌዮቹ ቢሮ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።

“ምነው ልጀ፣ አመመሽ እንዴ?” አሉ፤ ፊቷን አይተው።

ደብዳቤውን እየተረጎመች አነበበችላቸው። ዐሥር ቀን ከሚለው ላይ ስትደርስ በጣታቸው ቆጠሩ። ባለቤታቸው እትዬ እታገኘሁ ሽሮ እየነፉ ነበር፤ ወንፊቱን አስቀመጡ።

“ሸጋ” አሉ አያ ዳኛው። “እንግዲህ ማኅበርሽ አለ። ደውይላቸዋ።”

“አያ ዳኛው፣ ማኅበርተኛ አይደለሁም። ደርሶኛል ያልኩዎት ውሸቴን ነው።”

አያ ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። በጋቢያቸው ጫፍ አንዱን መስተዋት ጠረጉ፤ ሌላውንም ጠረጉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

“ሲቆጣ ይሻል ነበር” አሉ እትዬ እታገኘሁ በለሆሳስ። “ዝም ያለ ዕለት ነው የሚያስፈራኝ።”

ከጓዳ የሣጥን ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ወረቀት ተገላበጠ። ዓይናዲስ ስልኳን አየች፤ ዘጠኝ ከሃያ። ቀጥሎ የሚመጣው ታውቋታል። ደንቡ ይወጣል፣ ይነበብላታል፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።

አያ ዳኛው አረንጓዴ ክላሰር ይዘው ወጡ። ጀርባው ላይ “ውጭ አገር ያሉ” ተብሎ ተጽፏል። ከውስጡ የተከፈተ ፖስታ አወጡ፣ ከፖስታው ደግሞ አንዲት ትንሽ ካርድ። ስሟ አለበት፣ የአባቷም ስም አለበት፣ ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥርም አለበት።

“በመስከረም ከፈረምሽው አንዱን ቅጂ በአደራ ፖስታ ላክሁት። መልስ የሚላክበት አድራሻ ሲሉ የእድሩን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው የሞላሁት። አንች ትዞሪያለሽ፤ ሣጥኑ ግን አይዞርም። የመጀመሪያው ዓመት ለመጤዎች መዋጮ የለበትም ብለው ጽፈዋል። ካርዱ በኅዳር መጣ።”

“በኅዳር?”

“በኅዳር ስምንት። አንች ደግሞ ደርሶኛል ያልሽኝ በጥቅምት ነው።”

ዓይናዲስ ፊቷ ጋለ። “ስለዚህ ያውቁ ነበር።”

“ቀን መመዝገብ ሥራየ አይደል?”

“ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ፣ አያ ዳኛው? ስድስት ወር ሙሉ!”

“ብነግርሽ ታፍሪያለሽ። ካፈርሽ ደግሞ ስልክ አታነሽም።” ካርዷን በሁለት እጃቸው አቀበሏት። “አሁን አትቁሚ፤ ሰዓቱ ይሄዳል።”

ፎቶ አነሣችው። ለማኅበሩ ላከችው። አልሄደም። የስልኩ ኔትወርክ አንድ ጊዜ ብቅ ይላል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል። ደጅ ወጣች፤ አጥሩ ጋ፣ ከዚያም መንገዱ ላይ። አያ ዳኛው መዝገባቸውን ይዘው ተከተሏት። በመጨረሻ ዳገቱ ላይ፣ አዘዞ ቁልቁል ከሚታይበት፣ ዐሥር ከሩብ ሲል ሄደ። ሁለቱም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። አያ ዳኛው ሰማያዊውን እስክሪብቶ ብቻ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ዐሥር ተኩል ካለፈ በኋላ ስልኩ ጮኸ። የማኅበሩ ጸሐፊ ነበረች፤ እዚያም ጸሐፊ አለ። ቁጥሩ ተገኝቷል፤ አባልነቷ ከደብዳቤው ስድስት ወር ይቀድማል። ጠበቃቸው ተቃውሞውን አሁኑኑ ያስገባል። እሷ ምንም እንዳትፈርም። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል የተቃውሞው ቅጂ መጣላት። መጨረሻ ላይ ጸሐፊዋ አንድ ነገር ጨምራ ነበር፤ ያን ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ የጻፉት ሰውዬ ማን እንደሆኑ ቢነገራት ደስ ይላታል።

ዓይናዲስ ተርጉማ ስትነግራቸው አያ ዳኛው ተንጠራርተው ወደ አዘዞ አዩ። “ፋይል የምታውቅ ሴት ናት” አሉ።

እቤት ሲመለሱ ግን ነገሩ አላለቀም። ዕቃ ያለ ርክክብ ከአያ ዳኛው ቤት አይወጣም። መዝገቡን ገልጠው ሰጧት። ስም፣ የተረከቡት ዕቃ፣ ቀን፣ የዘገየበት ምክንያት፣ ፊርማ። ዓይናዲስ ሁሉንም ሞላች። ምክንያቱ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ ከዚያ እንደ አምስተኛ ክፍል ተማሪ ቀጥ አድርጋ “ስለ ዋሸሁ” ብላ ጻፈችና ፈረመች።

አያ ዳኛው አነበቡት። ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ። ስርዝ ድልዝ በማያውቀው መዝገብ ላይ፣ በማስመሪያ፣ አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩበት። ከበላዩ በዚያ በተለቀመ ፊደላቸው “በፖስታ መጓተት” ብለው ጻፉ።

እትዬ እታገኘሁ ከትከሻቸው በላይ አጮልቀው አዩ። “አንተ ሰው፣ ይኸማ እውነት አይደለም።”

“ስርዝ ሲኖር ከጎኑ የጸሐፊው ፊርማ ያጸናዋል” አሉ አያ ዳኛው፣ ፈረሙም።