የክብርት ከንቲባ ክቡር ባለቤት

ከንቲባ ይመረጣል፣ ይሰደባል፣ ይረሳል። የከንቲባ ባለቤት ግን እንደ አየር ጠባይ ነው፤ ማንም ድምፅ አልሰጠውም፣ ሁሉም ግን ጠዋት ተነስቶ ስለ እሱ ያወራል። አንዳንዱ ከመኪና ሲወርድ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ነው። አንዳንዱ ፎቶ በተነሳ ቁጥር አንገቱን የሚያሰግግ። የእኛው ግን በየትኛውም ፎቶ ላይ የሉም። ፎቶው ሲነሳ መጸዳጃ ቤት ነበሩ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ክቡርነታቸው ከክብርት ከንቲባችን ጋር ከተጋቡ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከቧንቧ ጋር ደግሞ አርባ። ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ጤና ጣቢያው ሲመረቅ ክብርት ከንቲባ ሪባኑን ቆርጠው ንግግር ጀመሩ። ባለቤታቸው ፊት ወንበር ላይ ጆሯቸውን አቁመው ተቀምጠዋል። ለንግግሩ መስሎን አደነቅናቸው። ለካ ከግድግዳው ወዲያ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰምተው ኖሯል! ቀስ ብለው ተነስተው ወጡ። ተመልሰው የመጡት በእርጥብ ሱሪ ነው። ጭብጨባው ጋብ ሲል፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ "የጀርባው ክፍል ቧንቧ ገና ሳይመረቅ አርጅቷል" አሉ። ተቋራጩን ሳል ያዘው።

ሕዝቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን አገኛቸው። አቤቱታ ያለው ሁሉ የከንቲባዋን ጸሐፊ ትቶ እሳቸውን አድፍጦ ይጠብቃል። ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ግማሽ ጢማቸው ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና እንደለበሰ፣ ሦስት ሰው ስለ መንገድ መብራት ሲያመለክታቸው በዓይኔ አይቻለሁ። መልሳቸው አንድ ናት፦ "እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? እራት ላይ ግን ትነሳለች።" እራት ላይ የተነሳች ጉዳይ ታዲያ በሳምንቷ ትፈጸማለች። በማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር "ጉዳይህ የት ደረሰ?" የተባለ ሰው "እራት ላይ ነው" ብሎ ደረቱን መንፋት ጀመረ።

የፕሮቶኮል ኃላፊዋ ቢጨንቃት የሥራ ዝርዝር አረቀቀችላቸው። አንድ፣ ከክብርት ከንቲባ በስተግራ መቀመጥ። ሁለት፣ ማጨብጨብ። ሦስት፣ አለመናገር። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አድርገው በጥሞና አነበቡት።

"ልጄ፣" አሏት፣ "ሦስተኛውን ቤቴ ውስጥ ስንት ዓመት ሞክሬዋለሁ፤ አልሆነልኝም።" ከሁለተኛው ሥር ፈርመው መለሱላት።

እኔም አላረፍኩም። በዚሁ የጋዜጣ ዓምዴ ላይ "ያልተመረጡት ከንቲባ" ብዬ ጻፍኩ። ተጠሪነታቸው ለማን ነው? ወረፋ ይዞ የሚጠብቅ፣ እሳቸው የሚላጩበት ፀጉር ቤት የማይደርስ ሰውስ ማን ይስማው? ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያ አላበቃሁም። "በሚስታቸው ቀሚስ ተከልለው ከተማ የሚያስተዳድሩ" የምትል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ስጽፋት ብቻዬን ስቄባት ነበር።

አንድ የምክር ቤት አባል ጋዜጣውን እያውለበለበ ስብሰባው ላይ ተነሳ። ክቡርነታቸው ከኋላ ተቀምጠው ኖሮ እጃቸውን አወጡ።

"ልክ ነው" አሉ። "እኔ የማውቀው የሚያፈስ ነገር ሲኖር መዝጋት ነው። የማፈሰው እኔ ከሆንኩ፣ ይዘጋ።"

ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ክብርት ከንቲባ የያዙትን ሪፖርት ማንበብ ቀጠሉ፤ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ክቡርነታቸው ከዚያ ወዲያ የማዘጋጃ ቤቱን ደጅ አልረገጡም።

በወሩ የእናቴ ወጥ ቤት ቧንቧ ፈነዳ። ለውሃ ክፍሉ ደወልኩ፤ "ተመዝግቧል" አሉኝ። በማግስቱም ተመዝግቧል። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እናቴ ዘንድ ስሄድ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ሁለት እግሮች ተዘርግተው አገኘሁ።

"ባለ ሱቁ ነው የላከልኝ" አለችኝ እናቴ። "ጡረታ የወጣ ጎበዝ አለ ብሎ።"

ጎበዙ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ክቡርነታቸው! እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ ወለሉ ግን ውሃ ሞልቶታል።

"አንተ ነህ?" አሉኝ። "ና፣ ባትሪዋን ያዝልኝ።"

ተንበርክኬ ያዝኩ። "ስለዚያ ጽሑፍ፣ እኔ ማለቴ፣ አንዳንዱ ነገር . . ."

"ትንሽ ወደ ግራ። እህ፣ እዚያ ላይ። ጽሑፉንማ ጮክ ብላ ያነበበችልኝ ባለቤቴ ናት። ያቺ የቀሚሷ ነገር ላይ ስትደርስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከተመረጠች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። እንዴት ብዬ ልቀየምህ?"

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ያህል ሰው ወድጄ አላውቅም።

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማንነታቸውን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም፤ እሳቸውም አልነገሯት።

"ልጄ፣ ሚስት አለህ?"

"አለችኝ፣ እማማ።"

"ምን ትሠራለች?"

ክቡርነታቸው መፍቻውን አንድ ዙር አዞሩ።

"ስብሰባ።"

እናቴ ከንፈሯን መጠጠችላቸው። "አይዞህ፣ ቻለው። የኔም ልጅ ሥራ የለውም፤ ይጽፋል።"

ከማጠቢያው ሥር ሳቅ ሲፈነዳ ሰማሁ። እኔም ባትሪዋን እንደያዝኩ አብሬያቸው ሳቅኩ።