መቶ አንድ ላይ ያልደረሰው ሙሽራ

ከሱስ ሁሉ ክፉው በነፃ የሚገኘው ነው። ጫት ቃሚ ኪሱ ሲራቆት ያርፋል፤ ጠጪም ዱቤ ሲከለከል ቤቱ ይገባል። የቁጥር ሱስ የያዘው ሰው ግን ምን አልቆበት ይረፍ? አትሳቁ፤ እንዲህ ያለ ወዳጅ ነበረኝ።

በደርግ ጊዜ ነገሌ ቦረና ሱቄ ፊት ለፊት ታደለ የሚባል የሒሳብ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ደግ ሰው፣ ሸሚዙን አዛብቶ የሚቆልፍ። አንድ ቀን ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ያስተምራል፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለማንም እኩል ስለማይካፈሉት። ተማሪዎቹ «ሚሊዮን አንድስ?» አሉት። «ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም» አላቸው። ይህቺ «ሳይሆን አይቀርም» ሰላም ነሣችው። በሦስት ሞከረ፣ በሰባት ሞከረ፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት… እምቢ። እስከ ሺህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሳልሞክር አላርፍም፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም አለ።

እኔ ምን ቸገረኝ? የቸገራት እልፍነሽ ናት። እልፍነሽ የሃምሳ አለቃ ደምሴ ልጅ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ የታደለ ወዳጅ። የአባቷ ጦር ወደ ሰሜን ሊዛወር ነው፤ እሷንም ይዘዋት ሊሄዱ ነው። «ኧረ ሽማግሌ ላክ» ስንለው «ይቺን ልጨርስ» ይላል። ሰው ከማግባቱ በፊት ቤት ይሠራል እንጂ ቁጥር ያካፍላል?

በስንት ጭቅጭቅ ኦቦ ጋልጋሎን ሽማግሌ ሁኑኝ ብሎ ሊለምን ሄደ፤ እኔም አብሬ። የአሬሮ ሰው ናቸው፣ ከብት ነጋዴ፣ ሃምሳ አለቃው ቃላቸውን የሚሰሙላቸው። ታደለ እዚያም ወረቀቱን አልጣለም።

«አካም፣ ናጋ? ምንድን ነው እሱ?» አሉት። ነገራቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ቦረና ከብቱን አይቆጥርም፤ የተቆጠረ ነገር በረከቱ ይሸሻል።

«ልጄ፣ ለሚቆጥር ሰው ሚስት አልለምንም። ነገ ልጆችህንም ልትቆጥር ነው? ዲሲ፣ ተወው።»

ታደለ ዘጠና ሰባት ላይ ደርሶ ነበር። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ተወው። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ጦሩ ሳይነሣ ተዳሩ። ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቃችሁ።

ከሠርጉ በኋላ እልፍነሽ ስኳር ልትገዛ መጣች። «እንኳን ኦቦ ጋልጋሎ አስቆሙት፤ እስከ ሺህ ማን ይጠብቀው ነበር?» አልኳት።

«የት ይደርሳል ጋሼ? ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር መቶ አንድ ነው። በዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ያባዙትና ይዩት።»

መጠቅለያው ላይ አባዛሁት። ሚሊዮን አንድ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ። ምስኪን፣ አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ታዲያ እያወቅሽ ምነው ዝም አልሽው?»

«ሚሊዮን ሁለትማ ለሁለት ይካፈላል። ብነግረው ሚሊዮን ሦስትን ይጀምራላ።»

ሳቅኩባት። ኋላ ግን አንድ የሒሳብ አዋቂ ስለ ሚሊዮን ሦስት ጠየቅኩ። እውነትም ብቸኛ ነው፣ ለማንም አይካፈልም አሉኝ። ብትነግረው ኖሮ እሷ የአባቷ ካሚዮን ላይ ተጭና ስትሄድ፣ የኛ ሙሽራ ገና አምስት መቶ ላይ ይሆን ነበር።