ለሰው ኳስ ሐኪም የሆኑት አማቴ

አባባን፣ ማለትም የባለቤቴን አባት፣ አንድ ተራ ቀን የሚያስከፍላቸው ይህን ያህል ነው፦ ሳይጠጣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ እስከ ማታ የማይመለስ ድምፅ፣ ሲብስም አንድ ወዳጅ። ይህ ሁሉ የሚጠፋው ሌላውን ሰው ሲያርሙ ነው። መቼም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሳይጠሩት መጥቶ የሚያርም አንድ ሊቅ አይታጣም። የእኛው ሊቅ የተሰማሩት በጎልፍ ሜዳ ላይ ነው።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ መቀሱን አስቀምጠው የጎልፍ ዱላ አነሱ፤ ምላሳቸውን ግን አላስቀመጡም።

"አንተ፣ ጉልበትህን ምን ነካው? ልትቀመጥ ነው?" ይሉታል ከጎናቸው የሚለማመደውን የታክሲ ሹፌር። "ክንድህን ላላ አድርግ። ዱላ እኮ ነው፣ መሪ አይደለም።"

ሹፌሩ ክንዱን ያላላል፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እውነት ለመናገር ምክራቸው መድኃኒት ነው። ጉዱ የሚመጣው ሊቀ ሊቃውንቱ ራሳቸው ሲመቱ ነው። ኳሳቸው እንደ ጨዋ ልጅ ፊት ለፊት ትነሳና፣ መሃል መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀይራ ወደ ግራ ታጥፋ ኩሬው ውስጥ ዘው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

"ነፋሱ ነው" ይላሉ። ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን ደግሞ "ሜዳው አዘንብሏል"።

የሚስታቸው ወንድም፣ ፋርማሲስቱ፣ በየጨዋታው እያሸነፈ "ጋሼ፣ ኩሬው ውስጥ ዓሣ እያረቡ ነው እንዴ?" ሲላቸው ጊዜ፣ አንድ ቀን በሰው ፊት ማሉ። "ቅዳሜ ከተሸነፍኩ ዱላዎቼን ውሰዳቸው። ሁለተኛ እዚህ ሜዳ አልረግጥም።" ቤት ሲገቡ ግን ዱላዎቻቸውን እንደሚሰናበት ሰው አንድ በአንድ ወለወሉ። ያለዚያ ሜዳ ቀኑን በምን እንደሚገፉት ሳስብ እኔንም ጨነቀኝ።

ቅዳሜ ልጄን የምተውበት አጥቼ በጋሪዋ እየገፋሁ ሜዳው ድረስ ሄድኩ። ፋርማሲስቱም ቀኑ አልቀናውም ነበርና፣ ባንዲራ የተተከለበት፣ ኳሷ የምትገባበት የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ሲደርሱ እኩል ነበሩ። አባባ ዱላቸውን አነሱ፤ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ወደ ግራ አዙረው ለሹፌሩ ማስረዳት ጀመሩ። "አየህ፣ ዋናው ነገር ወገብ…"

ያኔ ገባኝ። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ተራ ከሚጠብቀው ደንበኛ ጋር ሲያወራ ኖሯል። ዛሬም እያወሩ ይመታሉ። ፊታቸው ወደ አድማጩ ሲዞር ትከሻቸው ይከተላል፣ ትከሻቸውን እጃቸው፣ እጃቸውን ኳሷ።

ምራት አማቷን ጎልፍ ልታስተምር ነው? ጋሪውን አጠገባቸው አቆምኩና "አባባ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ ገና አሁን መተኛቷ ነው" አልኳቸው።

አፋቸው ተከደነ። ለልጅ ልጃቸው ሲሉ የማይከፍሉት የለም፣ ዝምታም ቢሆን። ኳሷን ብቻ እያዩ መቱ። ኳሷ ተነሳች፤ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ግራ አሰገግን። እሷ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ባንዲራው ሥር ቁጭ። ፋርማሲስቱ ደንግጦ የራሱን ኩሬ ውስጥ ጨመራት።

"ዓሦቼን አደራ" አሉት፣ በሹክሹክታ።

ዛሬ አባባ ሜዳውን እየዞሩ የዝምታን ጥቅም ያስተምራሉ። "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" ብለው ይጀምሩና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አይዘጉትም። ሹፌሩ ይስቃል፤ እኔም እየሰማኋቸው ደስ ይለኛል። ችግሩ፣ የእኛዋ አድጋ የጠዋት እንቅልፍ ትታለች፤ ኳሳቸውም ወደ ኩሬው ተመልሳለች። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆመው፣ እያረሙኝ፣ ያስጻፉኝ ቃል ይኸው፦ "የሚተኛ ሕፃን ያላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት እባካችሁ አውሱኝ። በእኔ በኩል ድምፅ አትሰሙም።"