ባንክ ቤት የቆሙ ሦስት ሽማግሎች

በእኛ አገር በቀጥታ የሚለመን ነገር የለም። እርቅም ይሁን ሚስት፣ ሽማግሌ ይላካል። ጸሎት እንኳ በአማላጅ ነው የሚያርገው። ታዲያ ሥራ ከጸሎት በልጦ ነው እንዴ ብቻውን በስልክ የሚላከው?

ይህን ያልኩት የወንድሜ ልጅ አንጓች ምክንያት ሆናኝ ነው። ሕግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ፣ አንድ ባንክ ለሕግ ክፍሉ ጀማሪ ሠልጣኞች ፈለገ። ቅጹን በስልኳ ሞልታ ሰደደች። ምን ምን እንደጠየቃት አስነበብኳት። ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታገኚዋለሽ ይላል። ይህን የሚመልስ ነቢይ እንኳ መጀመሪያ ሱባኤ ይገባል! ዘሯን በተመለከተ ግን አያቷ ላይ ቆሟል። ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ እንዴት ነው የሚያምኗት?

ለእሷ ሳልነግር መሪጌታ አድማሱንና አያ ሙላትን አስከትዬ ወደ ባንኩ ሄድኩ። ባጃጁ ሦስት ሽማግሌ ከነጋቢው ሲጭን ያቃሰተው ማቃሰት ከደብረ ታቦር ጋፋት ድረስ ተሰምቷል።

ሥራ አስኪያጇ ገና ወጣት ሴት ናት። "ተቀመጡ አባቶቼ" አለችን። ጉዳዩ ሳይሰማለት የሚቀመጥ ሽማግሌ የት አለ? አንቀመጥም አልን። እሷም የአገር ልጅ ናትና አባቶች ቆመው መቀመጥ ነውር ሆነባት፤ ተነሳች። እሷን አይተው ገንዘብ ከፋዮቹ ተነሱ፤ ደንበኛውም ተነሳ። ባንኩ ወንጌል እንደሚነበብበት ቤተ ክርስቲያን ቀጥ አለ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የመጣነው ስለ ልጃችን ነው" ሲሉ፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ አረፈ። አማላጅ የላከ አመልካች ከውድድር ይሰረዛል ይላል። ላብ አጠመቀኝ። ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ልጅ በሁለት ቃል ልናጠፋት!

ሥራ አስኪያጇ ብዕሯን አነሳች። "ስለ ሠልጣኞቹ ከሆነ የአመልካቹን ስም ንገሩኝ።"

መሪጌታን በክርኔ ጎሸም አድርጌ "ኧረ የምን ሠልጣኝ፣ የኔ እመቤት! እርስዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው እንጂ" አልኩ። አያ ሙላት ጅብ እንዳየች በቅሎ ዓይኑን አፈጠጠ። መሪጌታ አማተቡ።

ብዕሯ ቀስ ብሎ ወረደ። "ለየትኛው ልጃችሁ?" አለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

"ሽማግሌ በአንድ ጉዞ አይጨርስም፤ ስሙ በሁለተኛው ምልልስ ይነገራል" ብዬ አመለጥኩ።

አንጓች በራሷ ጭንቅላት ተፈትና አለፈች። ሥልጠና በጀመረች በሳምንቷ መጥታ "ጋሼ፣ ሥራ አስኪያጇ የመሪጌታ አድማሱ ጎረቤት መሆኔን ሰምታ፣ የሰፈርሽ ሽማግሎች ምነው ቀሩ፣ ታመሙ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ምን አደረጋችሁ?" አለችኝ።

ምን ልበላት? ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ ለሥራ አስኪያጇ የሚሆን ሙሽራ ፍለጋ ላይ ነኝ። የተማረ፣ የማይጠጣ፣ አንደበቱ የታረመ ወንድ በደብረ ታቦር ዙሪያ አላስቀረሁም፣ አገሩን አሰስኩት። በመጨረሻ ሁሉ ነገር የተሟላለት አንድ ሰው ጣራ ገዳም አገኘሁ። ከመነኮሰ ሰባት ዓመቱ ነው።