የዘይነባ የወፍጮ ቦታ

መቶ ጊዜ ሳያጣራ የማይፈርም የቢሮ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? መካነ ሰላም ላይ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሰዎች ጥንቁቅ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከጅዳ የተመለሰችው ዘይነባ ከጎረቤቶቿ ጋር የእህል ወፍጮ ልትተክል የድጋፍ ማመልከቻ ይዛ መጣች። ድጋፉ ለተመረጡ ቀበሌዎች ብቻ ነው። የእሷ ቦታ ደግሞ ከአንዱ የተመረጠ ቀበሌ ወሰን፣ ከወንዙ ጥግ ነው።

"ጋሼ፣ ቦታው ከወንዙ ወዲህ፣ ከተመረጠው ቀበሌ ነው። መጥተው ይዩት" አለችኝ።

በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እኔ ግን ወንዝ እንዴት ማስረጃ ይሆናል ብዬ ከመሬት ጽሕፈት ቤት ካርታ በደብዳቤ ጠየቅሁ። ካርታው ሲመጣ ማህተም የለውም ብዬ መለስኩት። ዘይነባ በየሳምንቱ እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር፤ በኋላ መምጣቷን ተወች።

ክረምቱ ሲወጣ ባለማህተሙ ካርታ ደረሰ። ቦታው ከወንዙ ወዲህ ነው። የምሥራቹን ልነግራት ያን ቀን በእግሬ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው።

"ዘይነባ በነሐሴ ወደ ጅዳ ተመለሰች፤ መጠበቁ ሰለቻት" አሉኝ።

ቦታው ለድጋፉ እንደሚበቃ ነገርኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ። ይህን ልትነግረን እስከዚህ በእግርህ መጣህ? ለልፋትህ አላህ ይክፈልህ ልጄ" ብለው መረቁኝ።

ከልባቸው ነበር። አሜን ማለት አቃተኝ።