ቀና ሳይሉ የታጨደ ግማሽ ቃዳ

(ታኅሣሥ ዐሥራ ስምንት፣ ረፋድ። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የፎገራ ሜዳ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት የሩዝ ማሳዎች አሉ፤ የሚለያቸው ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ድንበር ነው። በላቸው አንደኛው ማሳ ውስጥ አጎንብሶ ያጭዳል፤ ከግማሽ በላይ ሄዷል። ጎረቤቱ ሰውመሆን ዳር ላይ ተቀምጦ ማጭድ ይሞርዳል።)

በላቸው፦ ኧረ ያን ሞረድ አስቀምጠው! ጆሮዬን በላኸው እኮ!

ሰውመሆን፦ ትንሽ ነው የቀረኝ አያ በላቸው።

በላቸው፦ ከመጣህ ጀምሮ ትሞርዳለህ። ማጭድ የሚሞረደው ሲደንዝ ነው!

ሰውመሆን፦ እኔ እንኳ ሳይደንዝ ነው የምሞርደው።

በላቸው፦ ሳይደንዝ ምኑን ትሞርደዋለህ? ያልታመመ ሰው መድኃኒት ይውጣል?

ሰውመሆን፦ እሱ ሲደንዝማ እኔም አብሬ ደንዤ ነው የምገኘው። ሁለታችንም ከደነዝን ማን ማንን ይሞርዳል?

በላቸው፦ (ቀና ሳይል) ወሬ! የኔን ማጭድ እየው። አራት ቀን ሙሉ ሞረድ አልነካውም።

ሰውመሆን፦ እሱስ ያስታውቃል። እያጨድከው ነው ወይስ እየነቀልከው?

በላቸው፦ ዋናው ነገር መሬቱን መልቀቁ ነው!

ሰውመሆን፦ እንካ እስቲ፣ በዚህ በተሞረደው ሞክር። እኔም ልግባና ባንድ በኩል ልያዝልህ።

በላቸው፦ እንዳትገባ! እግርህ ከዚህ ድንበር እንዳያልፍ! ሰው አጠገቤ ሲያጭድ ሐሳቤ ይበተናል። ብቻዬን ጀመርኩት፣ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ።

ሰውመሆን፦ ኧረ እኔ አፈርኩ። እንዲሁ ቁጭ ብዬ ልይህ?

በላቸው፦ ቁጭ በልና ተማር!

ሰውመሆን፦ እሽ። እግዜር ይስጥህ አያ በላቸው።

በላቸው፦ አታመስግነኝ። እኔ ለሚሰማ ሰው ምክር አልነፍግም።

ሰውመሆን፦ (ግራ ገብቶት) ምክሩንም ነው እንግዲህ።

በላቸው፦ ይልቅ ቀኑን ረስተኸው እንዳይሆን። ነገ ገብርኤል ነው፣ ማጭድ አይነካም። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሽማግሌዎቹ በቆረጡት መሠረት ሜዳው ለከብት ይለቀቃል። ዛሬ ያልታጨደ ሩዝ የላም ቀለብ ነው። ይቺ ግማሽ ቃዳ መሬት ከሄደች ልጆች ክረምቱን ምን ይበላሉ?

ሰውመሆን፦ እሱን አስቤ ነው እኮ ትናንት ከቀትር ጀምሮ የተኛሁት።

በላቸው፦ (ማጭዱ አየር ላይ ይቆማል) ምን አልክ?

ሰውመሆን፦ ከትናንት ወዲያ ወንዛዬ ወርጄ ወገቤን ፍል ውኃ ነከርኩት። ትናንት የነዶውን ማሰሪያ አዘጋጀሁ፣ ማጭዱን ሞረድኩ፣ የወንፈሉ ጠላ መድረሱን ቀመስኩ። ከዚያ ለጥ አልኩ። ለዛሬ ጉልበት እንዲኖረኝ ብዬ ነበር።

በላቸው፦ በአጨዳ ሳምንት ፍል ውኃ! እኔ አራት ቀን ጎኔ መሬት አልነካም። ርብ ወንዝ ዳር ያለውን ትልቁን ማሳ ጨረስኩ። ቤት እንኳ ሳልገባ በወንዙ በኩል ጉሙን ቀድጄ በቀጥታ እዚህ መጣሁ። የመጀመሪያው ማሳ ገባሁ፣ ጀመርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ!

ሰውመሆን፦ ያን ሁሉ መንገድ? ቤትህ ሳትገባ? የወገቤን ነገር ሰምተህ ነው አይደል?

በላቸው፦ የወገብህን ነገርማ ያልሰማ ማን አለ!

ሰውመሆን፦ (ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ) ጠዋት መስከረምን ይዣት መጥቼ ነበር። ባለቤቴ ሆዷ ቶሎ ይባባል፤ አንተን ከዚህ ማሳ ውስጥ ስታይህ እንባዋ መጣ።

በላቸው፦ ሰው ሲሠራ አይታ አታውቅማ! ምን ታድርግ።

ሰውመሆን፦ አብረን ስንመለስ ለቄስ ደስታውም ነገረቻቸው። «እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን ይገኛል ወይ?» አሉ።

በላቸው፦ (ደስ ብሎት) እሳቸው ሰው ያውቃሉ። ይኸውልህ ሰውመሆን፣ ጉልበት የጉድጓድ ውኃ ነው። በቀዳኸው ቁጥር ይመነጫል። ከተውከው ይደርቃል።

ሰውመሆን፦ የኛ ጉድጓድ እንኳ ሲቀዱት ከዋሉ ጭቃ ነው የሚያወጣው። ሲያድር ነው የሚጠራ።

በላቸው፦ ያንተ ጉድጓድም እንዳንተ ነው! ኧረ ያን ማሰሪያ አቀብለኝ፣ ይህን ነዶ ልሰረው።

ሰውመሆን፦ እንካ። አያ በላቸው፣ ያ አንዱ እግር ጫማህ የት ሄደ?

በላቸው፦ የቱ ጫማ?

ሰውመሆን፦ የላስቲክ ጫማህ። ግራው እግርህ ላይ አለ፣ ቀኙ የለም።

በላቸው፦ አውልቄው ነው። ለቅልጥፍና።

ሰውመሆን፦ እዚህ ነዶ ውስጥ አብረህ አስረኸዋል እኮ።

በላቸው፦ (ነዶውን በጥርጣሬ በዓይኑ ጠርዝ አይቶ) ሆን ብዬ ነው። ነፋስ እንዳይወስደው።

ሰውመሆን፦ ነዶውን ነው ጫማውን?

በላቸው፦ ሁለቱንም! አታዋራኝ፣ ቀና ታስብለኛለህ። እኔ ሥራ ስጀምር ቀና አልልም። ቀና ያለ ሰው የቀረውን ያያል፣ የቀረውን ያየ ይደክመዋል።

ሰውመሆን፦ እንዲያ ከሆነ ነዶውን ልሸከምና ወደ አውድማ ላድርስ?

በላቸው፦ ይሄ ይፈቀዳል። ውሰደው፣ መንገድ ላይ እንዳትበትነው።

(ሰውመሆን ነዶ እየተሸከመ ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥቶ ይመለሳል።)

በላቸው፦ የት ከመርከው?

ሰውመሆን፦ ከቤቱ ጀርባ ነዋ፣ አውድማው ላይ።

በላቸው፦ ደግ። ላስቲክ አልብሰው። የታኅሣሥ ዝናብ አይታመንም።

ሰውመሆን፦ ላስቲኩን እንኳ ታስብልኛለህ! እኔ ለአንተ ምን አድርጌ አውቃለሁ?

በላቸው፦ ምንም። እስቲ ይሄን ሩዝ እየው! ዘለላው ሲከብድ! ሦስት ጊዜ የታረመ ሩዝ እንዲህ ነው።

ሰውመሆን፦ አራት ጊዜ ነው የታረመው።

በላቸው፦ አራት? (አሰብ አድርጎ) ልክ ነህ፣ አራት ነው። ድካም አስረሳኝ። ማለቴ፣ አልደከመኝም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ያ ከድንበሩ ወዲያ ያለው ግን! በብብቴ ሥር ይታየኛል። ሩዝ ነው ሙጃ? አያሳፍርም?

ሰውመሆን፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ፊት ለፊት መናገር ከብዶኝ ነው እንጂ እኔም ሳይ አዝን ነበር።

በላቸው፦ ባለቤቱ ሰነፍ ነው ማለት ነው።

ሰውመሆን፦ ኧረ ሰነፍ አልልም! ሲሮጥ ነው የሚውል። ሲሮጥ አረሙን አላየውም እንጂ።

በላቸው፦ ሰነፍ ነው አልኩህ! አትሸፋፍን!

ሰውመሆን፦ እሽ፣ አንተ ካልክ እኔ ምን እላለሁ። ራስን እንዲህ መውቀስ ግን ትልቅነት ነው።

በላቸው፦ አዎ፣ ራስህን ውቀስ። ከዚያ ይጀመራል።

(ፀሐይ ትበረታለች፤ ጉሙ ይበተናል። በላቸው አሁንም አጎንብሷል። ሰውመሆን ድንበሩ ላይ ተጋድሞ ቆብ ፊቱ ላይ ያደርጋል።)

በላቸው፦ ደግሞ ተኛህ?

ሰውመሆን፦ ለወንፈሉ ነው፣ ትንሽ ዓይኔን ልክደን። የአያ እንግዳውን ማሳ ጨርሰው ከቀትር በኋላ ይመጣሉ። ስምንት ማጭድ ነው።

በላቸው፦ ስምንት አፍ በል! በላተኛ ሁሉ! አንድ ትልም ያጭዱና ጠላ፣ አንድ ትልም ያጭዱና ዘፈን። በቀን ሦስት ጊዜ ይቀመጣሉ። እኔ ዘንድሮ ወጥቻለሁ። ለጸሐይነሽም የወንፈሉ አለቃ ነኝ እያለች ስታዝ «በላተኛ አልቀልብም» ብያታለሁ፣ ፊት ለፊት።

ሰውመሆን፦ እሷም ነግራናለች። ሦስት ቀን ነው የነገረችን። እኛ ግን ስንቀመጥ ነው የምንፈጥነው፤ ከእረፍት ስንነሣ እኮ አንያዝም። ዛሬስ እንጃ፣ መጥተው ምን ሊያጭዱ ነው?

በላቸው፦ (በአሽሙር እየሳቀ) የሚታጨድማ ሞልቷል! (የመጨረሻዋን ጭብጥ ይጎትታል።) አለቀ! ጨረስኩ! አየህ? ብቻውን አንድ ሰው!

(ቀና ሊል ይሞክራል። ወገቡ እምቢ ይለዋል። እንዳጎነበሰ በእጁ ጉልበቱን ይዞ ሰውመሆንን ሽቅብ ያየዋል።)

ሰውመሆን፦ ልደግፍህ?

በላቸው፦ አልፈልግም። እንዲህ ነው የምቆመው። እውነቱን ልንገርህ ሰውመሆን፣ አሳዘንከኝ። ስትሞርድ፣ ስትተኛ ዋልክ። ያን ሩዝህን አሁን ምን ልታደርገው ነው?

ሰውመሆን፦ የቱን ሩዜን?

በላቸው፦ ያንን የቆመውን!

ሰውመሆን፦ ያ እኮ ያንተ ነው።



በላቸው፦ የኔማ ይሄ ነው። የመጀመሪያው።

ሰውመሆን፦ ከመንደር ሲመጡ የመጀመሪያው ያንተ ነው። ከወንዙ በኩል ሲመጡ የመጀመሪያው የኔ ነው።

(በላቸው በጣቱ ወደ መንደር ይጠቁማል። ወደ ወንዙ ይጠቁማል። ድጋሚ ይቆጥራል። ወገቡ በድንገት ቀጥ ይላል።)

በላቸው፦ ያ ሙጃ የኔ ነው?!

ሰውመሆን፦ አንተም ስትወቅሰው ስለዋልክ ያወቅኸው መስሎኝ ነበር።

በላቸው፦ ነዶውስ? የተሸከምከው?

ሰውመሆን፦ የኔ አውድማ ላይ ነው። ላስቲክ አልብሼዋለሁ፣ እንዳልከኝ።

በላቸው፦ አንተ ሰው! ለምን አልነገርከኝም?

ሰውመሆን፦ ምኑን ልንገርህ? ካየሁህ ጀምሮ አመሰግንሃለሁ፣ «አታመስግነኝ» ትለኛለህ! ወገቤ አሳዝኖህ ለኔ ብለህ መስሎኝ ነበር። (ፊቱን ያዞራል) ሞኝ ነኝ እኔ። መስከረም ለወንፈሉ የጠመቀችውን ጠላ ላንተ ልትልክ ነበር። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ጎረቤት አላወቅሁም ነበር ብዬ ሆዴ ባብቶ ነው የዋልኩት።

በላቸው፦ (ነዶ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ) ነቅቼ ቢሆንም ኖሮ ላደርግልህ ይገባኝ ነበር።

ሰውመሆን፦ ይገባህ ነበር ነው ወይስ ታደርግልኝ ነበር?

በላቸው፦ ... አላደርግም ነበር።

(ሰውመሆን ይስቃል፤ በላቸውም ሳይወድ አብሮት ይስቃል። ሳቁ ግን መሐል ላይ ይቆረጥበታል።)

በላቸው፦ ሰውመሆን፣ ልጆቼ! ያ ሩዝ ዛሬ ካልተነሣ ከብቱ ይጨርሰዋል። እጄ ደግሞ፣ እየው፣ አልጨበጥ ብሏል።

ሰውመሆን፦ ስምንቱ ማጭድ ይመጣል አልኩህ እኮ። ዛሬ የወንፈሉ ቀን የኔ ነው፣ ሩዜ ደግሞ አልቋል። ቀኔን ለአንተ እሰጥሃለሁ። እኔም እገባለሁ፣ ወገቤ ደኅና ነው። እስከ ማታ ይነሣል።

በላቸው፦ ጸሐይነሽ ታጭድልኛለች? በላተኛ ብያት?

ሰውመሆን፦ ታጭዳለች። ግን በሷ ደንብ ነው። ሦስት ጊዜ ተቀምጠህ ታርፋለህ።

በላቸው፦ ሦስቱንም አሁን ባንድ ጊዜ ልረፈው?

(ከመንደር በኩል የወንፈሉ ዘፈን ከሩቅ ይሰማል።)

በላቸው፦ መጡ! እንግዲህ ወረታ ገበያ ድረስ መሣቂያ ሆንኩ! በቁሙ ተኝቶ የሰው ማሳ አጨደ ሊሉኝ ነው።

ሰውመሆን፦ ማን ሊልህ? አገሩ የሚያውቀው ሌላ ነው። «በላቸው ወገቡን ለታመመ ጎረቤቱ ቤቱ እንኳ ሳይገባ መጥቶ አጨደለት» ነው የሚሉት።

በላቸው፦ (ነፍሱ መለስ ብላ) እንዲያ ነው የሚሉት? (ጋቢውን እያስተካከለ) እንዲያ ከሆነማ ምን እንነካካዋለን? ደግ ሰው መባል ምን ይጎዳል? እንዲሁ ይሁን፣ ዝም በል።

ሰውመሆን፦ እሽ፣ ዝም እላለሁ። ቄስ ደስታውም ደስ ብሏቸው «እንዲህ ያለ ሰው ካለማ ከገብርኤል ማግስት የደብሩን ጤፍ እሱ ይውቃልን» ብለዋል።

በላቸው፦ የደብሩን ጤፍ? ሁሉንም?

ሰውመሆን፦ ነዶ ሳመላልስ አያ ያየህም ሰምቶ ሽምብራውን እንድትነቅልለት ሊለምንህ ነው። ታደለም የአጥር ሥራ አለኝ ብሏል። እስከ አሁን ሰባት ሰው ነው፣ በተራ ነው የያዝኳቸው።

በላቸው፦ ሰባት?!

ሰውመሆን፦ አትቸኩል፣ መጀመሪያ ቄስ ደስታው ናቸው።

(ዘፈኑ ቀርቧል፤ እልልታ ይሰማል። በላቸው ነዶው ላይ ተዘርግቶ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ይስባል።)

ሰውመሆን፦ ምነው አያ በላቸው? ተነሥተህ ተቀበላቸው እንጂ፣ ሊመርቁህ እኮ ነው!

በላቸው፦ (ከጋቢው ሥር) በገብርኤል ይዤሃለሁ ሰውመሆን፣ እውነቱን ንገራቸው! ከጎህ ጀምሮ ተኝቶ ነበር፣ አሁንም አልነቃም በልልኝ!